ስለ ረጅም ጊዜ ስልሳ ካርድ

ሰኞ 3

የሥራ ድርሻዬ ዛሬ ተሰጠኝ። የመዝገበ ቃላታችን ዋና አዘጋጅ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠና «ረጅሙን ጊዜ አንቺ ያዢው» አለኝ። በሌለበት «ሰረዝ» እንለዋለን፤ እርሳሱ ያልሰረዘው ቃል ስለሌለ። አንድ ቀን የራሱን ፊርማ ሰርዞ እንደገና ሲፈርም በዓይኔ አይቻለሁ።

ወረቀቱ ላይ ያሉት እንግሊዝኛ ስለ ረጅም ጊዜ የሚናገርባቸው ሐረጎች ናቸው፤ በዓመታት ውስጥ የተለወጠውን፣ ሳይለወጥ የቀረውን። ስልሳ ሐረግ፣ ስልሳ ካርድ፣ እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ። ካርዱ ላይ ሐረጉ ይጻፋል፣ ከሥሩ ፍቺው፣ ከዚያ አንድ የአማርኛ ምሳሌ። ምሳሌው ከጭንቅላት አይፈጠርም። በዚያው ሳምንት በጆሮ የተሰማ መሆን አለበት፤ ከግርጌው ቀኑ፣ ቦታውና ተናጋሪው ይሰፍራል። «የተፈጠረ ምሳሌ የሞተ ምሳሌ ነው» ይላል ሰረዝ። አንዴ «እኔው ራሴ የተናገርኩትስ?» ብዬው «ጆሮሽ ያንቺን ድምፅ አይሰማም እንዴ?» ብሎ ፈቅዶልኛል።

ሌላም የምሥራች አለ። ካርዶቻችን ከጫማ ካርቶን ሊወጡ ነው። ሠላሳ መሳቢያ ያለው ቁም ሳጥን እንዲሠራ ተወሰነ፤ ሥራው ለባለቤቴ እንዲሰጥ የለመንኩት እኔ ነኝ። «ውሃ ልክ ከሠራው እኔ ምን እላለሁ» አለ ሰረዝ። ውሃ ልክ አናጺዎች ለባለቤቴ ያወጡለት ስም ነው፤ ዓይኑ ከመሣሪያው ቀድሞ ጠማማውን ስለሚለይ።

ቤት ገብቼ ነገርኩት። «እሺ» አለ። ያለ ሥራ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እኔ ደጅ ጠንቼ ሥራ አመጣሁለት፣ እሱ «እሺ»። ቢያንስ «ጎሽ» ይለኛል ብዬ ነበር።

ሐሙስ 6

የመጀመሪያው ካርድ፦ «ዩዝድ ቱ»። ድሮ ይደረግ የነበረ፣ አሁን የቀረ። እንግሊዝኛው ገና ከጅምሩ መርዶውን ያረዳሃል። እኛ ግን ሰውዬውን እናስነሳዋለን፣ እናስሮጠዋለን፣ እናስቀዋለን፤ መጨረሻ ላይ «ነበር» ትመጣና ሁሉንም ታፈርሰዋለች።

ምሳሌ፦ «ድሮ አንድ ቁም ሳጥን በሳምንት ትጨርስ ነበር።» ቤት ውስጥ፣ ጠዋት፣ ተናጋሪ እኔ።

ጥሩ ምሳሌ ነው። እሱ ደግሞ ወደ ግቢው ወጣ።

እሑድ 9

ልጃችን ደወለች። ራቅ ያለ ከተማ ነው የምታስተምረው። ከአባቷ ጋር ትንሽ ካወራች በኋላ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ።

«እማዬ፣ አባዬ ምን ሆኖ ነው ድምፁ እንዲህ የቀነሰው? ግማሹን አልሰማሁትም።»

«ስልኩ ነው» አልኳት።

«ያንቺ ግን ይሰማኛል እኮ።»

«የእኔማ ጎረቤትም ይሰማዋል።»

ሳቀች። እውነቱን ለመናገር ቤት ውስጥም ያንሾካሹካል። በአንድ ነገር ሦስቴ «ምን አልክ?» ማለት ሰልችቶኛል። አፍ እያለው መናገር የሚታክተው ሰው አያድርስ ነው።

ማክሰኞ 11

በጥድፊያ። ምሳ ሰዓት ላይ ከቤታችን ግቢ ጀርባ ወዳለው የባለቤቴ የእንጨት መሥሪያ ቤት ብቅ አልኩ። ጣውላዎቹ ተለክተዋል፤ አልተቆረጡም። በሳምንት መስመር ብቻ! ልኩን የጻፈበትን ወረቀት አየሁ፣ ቁጥሮቹ ለዓይን አይሞሉም። መጀመሪያው ላይ ደህና ይጀምሩና ወደ ጫፉ ሲደርሱ ይኮሰምናሉ።

«ይሄን ለጉንዳን ነው የጻፍከው?» አልኩት። ቀልዴ ነው። ፊቱ ሳይፈታ አየኝ። ይሄ ሰው እኮ ለትንሽ ነገር የሚንከተከት ነበር።

ካርድ፦ «ኖ ሎንገር»፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም። «አባትሽ ከእንግዲህ ሳቅ የሚባል ነገር አያውቅም።» በስልክ፣ ለልጄ፣ ተናጋሪ እኔ።

የምስማር ጣሳውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ሲራመድ ይንኳኳል። አንድ ምስማር ሳይመታ ምስማር ይዞ መዞር ምን የሚሉት ነው?

ዓርብ 14

ካርዶቹን የምትተይበው ጸሐፊያችን ልጅ እግር ናት፤ ትልቅ እህት አድርጋ «እትዬ» ትለኛለች። ዛሬ አሥራ አንደኛውን ካርድ ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ምሳሌው ሁሉ ስለ አንድ ሰው ነው እንዴ?»

«የሰማሁትን ነው የምጽፈው። ቤቴ ውስጥ የሚሰማው የእሱ ነገር ብቻ ነው።»

«እሱ ግን አንድም ቦታ ተናጋሪ አይደለም።»

«እንዲናገር አንቺ ለምኚልኝ» አልኳት። ደንገጥ ብላ ሄደች። ደግ ልጅ ናት፤ ክፉ መልስ አይገባትም ነበር።

ሰኞ 17

እራት ሾርባ ነበር። ሁለት ማንኪያ ወሰደና «ጠገብኩ» ብሎ ሳህኑን ገፋ። ቀኑን ሙሉ ምን በልቶ ነው የጠገበው? ቅዳሜ ወንድሜ ቤት ስንጋበዝም እንዲሁ አደረገ። ሻይ ሲቀርብለት «አይ፣ ይቅርብኝ» ብሎ ሁለት እጁን ጭኑ መሀል ቀብሮ ተቀመጠ። ወንድሜ በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ «ከእኛ ጋር ተጣላ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አፈርኩ።

ደግሞ ያ ሹራብ። አንገት የሌለው፣ በጭንቅላት የሚጠለቅ ግራጫ ሹራብ። የተተኮሱ ሰባት ሸሚዞች ተሰቅለው ያዩታል፣ እሱ ያችኑ ሹራብ። «ቁልፍ መቆለፍም ሰለቸህ?» አልኩት።

«አዎ» አለ።

ካርድ፦ «ዴይ ኢን ዴይ አውት»፣ ቀን ከቀን፣ ያለ መታከት፣ ያለ ለውጥ። «ቀን ከቀን ያችን ሹራብ ትለብሳለህ፤ ሰው ምን ይላል አትልም?» የእንግሊዝኛው ሐረግ ጥሩ ነው፣ በር አለው፤ ቀኑ ይገባል፣ ቀኑ ይወጣል። እዚህ ቤት ግን የገባ ቀን አይወጣም።

ይቺን የመጨረሻዋን ሰረዝ ይሰርዛታል። እዚህ ደብተር ላይ ትኑር።

ሐሙስ 20

ስምንት መሳቢያ ጨረሰ። ስምንት ብቻ። እሱ ወጣ ሲል ሄጄ አየሁ።

አንዱን ጎተትኩት፣ መሀል ላይ ተነከሰ። ሁለተኛውን ጎተትኩት፣ ወጥቶ አልመለስ አለ። ሦስተኛው ከታች ክፍተት አለው፤ ጣቴ ገባ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው መሣሪያ ራሱን ውሃ ልኩን አውርጄ አስቀመጥኩበት። አረፋዋ ወደ ጥግ ሄዳ ቀረች።

አንድ ሰው ከኋላዬ እንዳለ ያወቅኩት የምስማሩን ጣሳ ስሰማ ነው። በሩ ላይ ቆሟል። ማፈር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ግን አፌ ቀደመኝ።

«ውሃ ልክ ይሉት የነበረው ሰውዬ የት ሄደ?»

«እኔም እየፈለግኩት ነው» አለ። ዛሬ ድምፁ በደንብ ተሰማኝ።

ከዚያ መሣሪያውን ከእጄ ተቀብሎ ምስማሩ ላይ መልሶ ለመስቀል ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እየሳተ። ሆን ብሎ እልህ ሊያስገባኝ መሰለኝና ትቼው ወጣሁ።

ይህን ካርድ ላይ አልጻፍኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። «ኤቨር ሲንስ»፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሚለው ካርድ፣ ገና ባዶ ነው፤ ይገጥመው ነበር።

እሑድ 23

ሱቅ ውስጥ ከመደርደሪያው ጀርባ ነበርኩ። የጎረቤታችን ሚስት ለባለሱቁ ስትነግረው ሰማሁ።

«ያ አናጺው እኮ መጠጥ ጀመረ መሰለኝ። አካሄዱን አይተኸዋል? አንድ እግሩን እየጎተተ።»

«ምስኪን» አለ ባለሱቁ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ። ስኳሬን ሳልገዛ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ የጠጣበትን ብርጭቆ አሸተትኩ። ውሃ ነው። ጃኬቱንም አሸተትኩ። ጣውላና ኮላ። ይሄን ሳደርግ እሱ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ ብርጭቆውን አሸተትኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ግን እግሩን ይጎትታል። እሷ ከመናገሯ በፊት ልብ ብዬውም አላውቅም። ወይም ጫማው ነው።

ረቡዕ 26

ሰረዝ፦ «ቁም ሳጥኑስ?»

እኔ፦ «በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጋሼ።»

ውሸት። ለአንድ ሰው ስል ለሌላ ሰው መዋሸት ጀመርኩ።

ልጄ ደወለች፤ ልጄ መሆኗን ረስቼ እንደ እህት ተነፈስኩባት። «አባትሽ እንደ ድሮው አይሆንም። አልቋል። ሰነፈ፣ ተበላሸ፤ ለሁልጊዜው» አልኳት። ከዚያ «እማዬ፣ እሱ አጠገብሽ ነው እንዴ?» አለች። «መሥሪያ ቤቱ ነው» አልኳት። መሥሪያ ቤቱ ይመስለኛል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«ፎር ጉድ» የሚለው ካርድ ገና ባዶ ስለነበር ያንኑ ጻፍኩበት። ጸሐፊዋ ከትናንት በስቲያ «ፈረንጅም ጉድ ይላል እንዴ?» ብላ ቢሮውን በሳቅ ገድላው ነበር። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው፤ የሄደ የማይመለስበት። ለመልካም ነገርም ለክፉም ይሆናል። ምሳሌዬ፦ «ሰነፈ፣ ተበላሸ፤ ለሁልጊዜው።»

የካርዶቼን ካርቶን ቤት ጠረጴዛው ላይ ትቼው ተኛሁ።

ቅዳሜ 29

አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ካርዶቼን የማስቀምጣቸው በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ነው። ዛሬ ካርቶኑን ስከፍት በቀን ተራ ተደርድረዋል። ከሐሙስ 6 ጀምሮ እስከ ረቡዕ 26፣ አንዷም ሳትዛነፍ፣ ጠርዛቸው እኩል ተደርጎ።

ራሴው ልሆን እችላለሁ። ሰሞኑን አእምሮዬ የራሴ አይደለም። መልሼ በፊደል ተራ ለመደርደር አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ማክሰኞ 2

አዲስ ወር። ጠዋት ጠዋት ይወጣል። «የት ነው?» ስለው «ምስማር ልገዛ» ይላል። ባዶ እጁን ይመለሳል።

ካለፈው እሑድ ጀምሮ የሚተኛው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው። «አልጋውን እያነቃነቅኩ አስቸገርኩሽ» አለኝ። እውነት ነው፣ ሲያነቃንቀው ነበር። «ሂድ» አላልኩም። «ቆይ»ም አላልኩም። እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ መሰላችሁ። ለማን ነው «መሰላችሁ» የምለው? ይህን ደብተር ማን ያነበዋል?

ዛሬ የደረሰኝ ሐረግ «ሊትል ባይ ሊትል» ነው፤ ቀስ በቀስ። በእኛ ቋንቋ «ቀስ በቀስ» ያለ ሰው እንቁላሉን አይተውም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሁሌ ተስፋ አድርገን ነው የምናወራው። የእንግሊዝኛው ምሳሌዎች ግን አብዛኞቹ ወደ ታች ናቸው፤ ቀስ በቀስ ዓይኑ ደከመ፣ ቀስ በቀስ ገንዳው ፈረሰ። እንቁላሉ በእግሩ መሄዱን እንጂ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አልተናገረም።

ዓርብ 5

ይህን በምሳ ሰዓት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ሰረዝ አስጠራኝ። ጸሐፊዋ ካርዶቼን ተይባ ለእሱ ስትሰጠው፣ ቀኖቹን ለማመሳከር እንዲመቸው በቀን ተራ ነው የደረደረችለት። አርባ አንድ ካርድ። ከላይ እስከ ታች አገላበጥኳቸው፤ አንድም የተሰረዘ ቃል የለም። በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ተወደስኩ ብዬ አሰብኩ፣ እግዚአብሔር ይይልኝ።

«ተቀመጪ» አለኝ። «የባለቤትሽ እጅ ይንቀጠቀጣል?»

«ስለ እጅ የጻፍኩት ነገር የለም፣ ጋሼ።»

«አልጻፍሽም። ሌላውን ሁሉ ግን ጽፈሽዋል።» እርሳሱን አነሳና ካርዶቹን ሳይነካ አንድ በአንድ አመለከተ። «ድምፁ ቀነሰ። ጽሑፉ ኮሰመነ። ፊቱ ሳቅ ረሳ። ቁልፍ አይቆልፍም። ሾርባ ሰው ፊት አይበላም። እግሩን ይጎትታል። ታላቅ ወንድሜን ሰባት ዓመት ያስታመምኩት በዚህ በሽታ ነው። ባለቤትሽ ታሟል፣ እህቴ።»

«እኔ እኮ ምሳሌ ነው የጻፍኩት» አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አላውቅም። ጸሐፊዋ በሩ ጋ ቆማ ታለቅሳለች። አልፌያት ወጣሁ።

ገና ግማሽ ቀን ሥራ ይቀራል። ወደ ቤት መሄድ ፈራሁ።

ቅዳሜ 6

ሁሉንም ልጻፍ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ በቀጥታ የእሱ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ከመሳቢያዎቹ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። «እጅህን አሳየኝ» አልኩት። ግራ እጁን ዘረጋ። «ሌላውን።» ቀኙን ሹራቡ ኪስ ውስጥ ቀብሮታል። እጄን ከትቼ ይዤ አወጣሁት። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ የማይታይ ዶቃ የሚቆጥሩ ይመስላሉ። በሁለት እጄ ጨብጬ ላስቆመው ሞከርኩ። አልቆመም። በእኔ እጅ ውስጥ ሆኖ ቀጠለ።

የምስማሩን ጣሳ ከኪሱ አውጥቶ ከፈተልኝ። ክኒን ነው። ሲንኳኳ የነበረው ክኒን ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካወቅኩት ዓመት ከሁለት ወር።»

«ዓመት ከሁለት ወር! እኔስ? ሚስትህ አይደለሁም?»

ለመናገር ጊዜ ይወስድበታል። ቸኩዬ ልጨርስለት ከንፈሬን እየነከስኩ ጠበቅኩት። «ልነግርሽ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ቁም ሳጥኑን አመጣሽልኝ። ደስ ብሎሽ ነበር። አንድ ደህና ሥራ ልጨርስና ከዚያ እነግራታለሁ አልኩ። ሠላሳ መሳቢያ ምን አላት ብዬ።»

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቅኩት። «ካርዶቹን አንብበሃል?»

«አዎ።»

«በቀን የደረደርካቸው አንተ ነህ?»

«የተዘበራረቁ መስሎኝ ነው፤ ላስተካክልሽ ብዬ። ስደረድራቸው ገባኝ።» ትንሽ አረፈ። «ሐኪሙ ሦስት መስመር ነው የጻፈልኝ። አንቺ ከእሱ የበለጠ ጽፈሽዋል።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በቁጣ አልነበረም ያለው። አንድ አናጺ የሌላውን ሥራ አይቶ እንደሚያመሰግን ነው ያለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔ ደግሞ ከአፍ ወጥቶ ተጽፎ፣ ቀን ተሰጥቶት፣ «ተናጋሪ እኔ» ተብሎ ተፈርሞበታል።

እግሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። በግራ እጁ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። ቀኙ ለራሱ ይቆጥራል።

ረቡዕ 10

ሐኪም ዘንድ አብረን ሄድን። ወጣት ነው፣ ትሁት። ክኒኑ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም አለ። «ሥራስ?» አልኩት። ባለቤቴን አላየውም፣ እኔን ነው ያየኝ። «ስለታም ነገር ባይነካ ይሻላል። ማቆሙ የጊዜ ጉዳይ ነው።»

የጊዜ ጉዳይ። ይህ ሐረግ ዝርዝሬ ውስጥ አለ። ቁጥር ሠላሳ ስምንት። የተሰማ፣ ቀን ያለው፣ ቦታ ያለው፣ ተናጋሪው የታወቀ። አልጻፍኩትም።

ሰኞ 15

ቁም ሳጥኑን አብረን ልንጨርስ ሞከርን። እሱ እየለካ፣ እኔ እየያዝኩ። ለሁለት ቀን ደህና ሄደ፤ ዘጠነኛው መሳቢያ ሊቆም ደረሰ፤ እንዲያውም «ጣውላውን እንደ ሕፃን ነው የያዝሽው» ብሎ ቀለደብኝ። ፊቱ ላይ ሳቁን ጠብቄ ነበር። አልመጣም፤ ግን ቀልዱ መጣ።

ዛሬ መጋዙ ሳተና የእጄን ጀርባ ጫረኝ። ትንሽ ናት፣ ደሟም ወዲያው ቆመ። እሱ ግን መጋዙን አስቀመጠ። ከዚያ መላጊያውን፣ ከዚያ መዶሻውን፣ ሁሉንም በየቦታው ሰቀለ። አንድም ሳይወድቅበት ለመስቀል ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ላግዘው አልደፈርኩም። በመጨረሻ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ሰጠኝ።

«ለሁልጊዜው» አለ።

የራሴን ቃል ነው የመለሰልኝ። ለመውጋት አይደለም። ሌላ ቃል ስለሌለው ነው።

ዓርብ 19

ሰረዝን ካርዶቼን እንዲመልስልኝ ለመንኩት። «ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው» አለ፤ ከዚያ ፊቴን አየና መሳቢያውን ከፍቶ አርባ አንዱንም ሰጠኝ። ቀኑን ግን አላራዘመልኝም፤ ማተሚያ ቤቱ አይጠብቅም። እስከ ወሩ መጨረሻ ስልሳ አዲስ።

ጸሐፊዋ ሻይ ቤት፣ አውቶቡስ፣ መናፈሻ እየዞረች የሰማችውን በቁራጭ ወረቀት ታመጣልኛለች። «ዋጋው ከዓመት ዓመት ይጨምራል።» «ይሄ መንገድ እስካሁን አልተጠገነም።» የማንም ሰው ቁስል የሌለባቸው ምሳሌዎች። እነሱን እጽፋለሁ።

ስለ ቁም ሳጥኑ ሰረዝ ምንም አላለኝም። ዛሬ ግን ሁለት ሰዎች የብረት መደርደሪያ ከነመሳቢያው ተሸክመው ሲገቡ አየሁ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አጎንብሼ እርሳስ ቀረጽኩ።

ረቡዕ 24

ቤት ውስጥ እስክሪብቶ ካነሳሁ ዝም ይላል። ትናንት የወጥ ቤቱን ዝርዝር ልጽፍ ወረቀት ስስብ «ይሄን አትጻፊው» አለኝ። ገና ምንም አላለም ነበር እኮ።

«የሚገዛ ነገር ነው የምጽፈው» አልኩት።

«እሺ» አለ። ዝርዝሩን እስክጨርስ ግን አልተናገረም።

ይህንንም ደብተር አሁን የምጽፈው መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው።

ልጄ መጥታ ሄደች። ሁለት ቀን። የአባቷን ሸሚዝ ስትቆልፍለት አየሁ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ስታወራው፣ እሱ እንዳይታወቀው። ስትሄድ በሩ ላይ «እማዬ፣ በስልክ ያልሽኝን እሱ ሰምቶ ነበር?» አለችኝ።

«አነበበው» አልኳት።

አቀፈችኝ። ግን ቶሎ ለቀቀችኝ።

እሑድ 28

ሃምሳ ዘጠኝ ካርድ ሞላ። የቀረው «ስቲል» ነው። አሁንም፣ እስካሁን፣ ሳይለወጥ። ከሁሉ ቀላሉ መስሎኝ ለመጨረሻ ያቆየሁት። የጸሐፊዋ ወረቀቶች ውስጥ ሦስት አሉ፤ ሦስቱም ስለ አውቶቡስ ናቸው። አንዱን መገልበጥ እችላለሁ። እጄ እንቢ አለኝ።

ክፍሉ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ባዶውን ካርድ አየ።

«ይሄ የቀረው ነው?»

«አዎ። ስለማይለወጥ ነገር ነው። የሰማሁት የለም።»

ካርዱን በግራ እጁ ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ምንም አልሰማሁም። ወደ አፉ ጠጋ አልኩ፣ ጆሮዬ ጉንጩን እስኪነካ።

«ጻፊ» አለ። «አሁንም የውሃ ልክ መሳቢያ ሳይጎተት ይከፈታል።»

ቀና ብዬ አየሁት። ከመስኮቱ ወዲያ የተቆለፈው መሥሪያ ቤት ይታያል። ዘጠኙ መሳቢያ እዚያ ነው፤ አንዱ ይነክሳል፣ አንዱ አይመለስም።

«እውነት አይደለም» ልለው ነበር። አላልኩም። ጻፍኩ። ከግርጌው ቀኑን፣ «ቤት ውስጥ» አልኩ፣ ተናጋሪ የሚለው ጋ ስደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ «ባለቤቴ» ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ 30

አስረከብኩ። ሰረዝ ካርዶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። አሥራ አራቱን ሰረዘ፤ እንደ ድሮው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እርሳሱ አየር ላይ ቆመ። ውሃ ልክን ያውቀዋል፣ ስለ ዘጠኙ መሳቢያም ያውቃል።

«ይሄ የተፈጠረ ነው» አለ።

«የተሰማ ነው፣ ጋሼ።»

«በእርግጥ ተሰምቷል?»

«ሁለት ጊዜ ነው ያለው» አልኩት። «የመጀመሪያውን እኔ አልሰማሁትም።»

እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ካርዱን ወስዶ አዲሱ የብረት መሳቢያ ውስጥ ከተተውና በአንድ ጣቱ ገፋው። መሳቢያው ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ።